ብደውልም እንዳይሰጡ

ከሲግናል ሰፈር በላይ ባለው ዳገት አባይነህን የማያውቅ የለም፤ የሚጠሩት ግን «አባይነህ ሁለቴ» እያሉ ነው። ለምን ቢሉ፣ ሰውዬው ማንኛውንም ነገር አንዴ አድርጎ አይረካም። ዳቦ ሊገዛ ይወጣና ግማሽ መንገድ ላይ ድንገት ቆም ይላል፤ ኪሱን ይዳብሳል፤ «ቆልፌያለሁ ወይስ አልቆለፍኩም?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ ከዚያ ያን ሁሉ ዳገት ተመልሶ ይወጣል። ቆልፏል። ሳይቆልፍ ቀርቶ አያውቅም እኮ! ቢሆንም ጓጉንቸሩን ይዞ ጎተት ጎተት ያደርገዋል፣ በሩን በትከሻው ይገፋዋል፣ እንደገና ይወርዳል። ሱቅ ሲደርስ ዳቦው አልቋል።

የሚጠብቀው የውሃ ጋን ነው። ጋን ስላችሁ የጠላ ጋን እንዳይመስላችሁ። ባህር ዛፉ መሀል ግማሹ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ግማሹ ብቅ ያለ፣ ትልቅ አዳራሽ የሚያህል የሲሚንቶ ጋን ነው። ከታች ያለው ፓምፕ ውሃውን ሽቅብ ይገፋለታል፤ ጋኑ ደግሞ ቁልቁል ለሰፈሩ ያድላል። እንጦጦ ፓርክ ሲዝናኑ ውለው በጫካው ውስጥ በእግራቸው የሚወርዱ ወጣቶች አጥሩን ሲያዩ የጦር ካምፕ ነው የሚመስላቸው። አይፈረድባቸውም። ግንቡ ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ በላዩ እሾሃማ ሽቦ ተጠምጥሞበታል፣ በሩ ወፍራም ብረት ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በሩ በሽቦ ይታሰር ነበር፤ ከብት ጠባቂውም እንጨት ለቃሚውም ገብቶ ጥላ ስር አረፍ ይል ነበር። አንድ ሰሞን ሌቦች መጡና የጋኑን ክዳን፣ የመብራቱን ገመድ፣ ሊፈታ የሚችለውን ብረት ሁሉ ፈትተው ሄዱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ግንቡም እሾሁም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጓጉንቸሩ እንኳ በብረት ሳጥን ተሸፍኗል፤ ከስር እጅህን አስገብተህ በዳበሳ ነው የምትከፍተው፣ የብረት መቁረጫ መቀስ አይገባውም። ውስጥ ደግሞ ውሃውን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ቫልቮች ያሉበት ክፍል አለ፤ እሱም እንደዚያው የብረት በርና የብረት ሳጥን አለው። አባይነህ ይህ ሁሉ ሲሠራ ቆሞ ያየ ነበር፤ ሲያልቅም ደስ አለው። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ማለት ይወዳል።

ይህ ሁሉ ግን አልበቃውም። የሁለቱ በሮች ቁልፍ መሥሪያ ቤት ውስጥም ቅጂ ነበረው፤ ደንቡ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ለጥገና ከመጡት ልጆች አንዱ ቁልፉን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ይሄ እኮ የትም ይቀረጻል» አለ፤ ለጨዋታ ነው ያለው። አባይነህ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሲነጋ መርካቶ ወርዶ፣ በአንድ ቁልፍ የሚከፈቱ ሁለት አዳዲስ ጓጉንቸሮች ገዝቶ ቀየራቸው። አብረው የመጡትን ትርፍ ቁልፎች በድንጋይ ቀጥቅጦ ሽንት ቤት ጨመራቸው። አንድ ቁልፍ፣ አንድ ሰው። ለመሥሪያ ቤቱ ትንፍሽ አላለም። እዚያ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ቅጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራ ብረት ሆኖ ቀረ፤ ይህን የሚያውቅ ደግሞ ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም።

አንድ ልጅ አለችው፣ ነፃነት ትባላለች። እናቷ ስትሞት ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ወንድሙ ታዴዎስ «ልጅ በጥበቃ ቤት አታድግም» ብሎ መሪ ሰፈር ካለው ኮንዶሚኒየም ቤቱ ወስዶ ከልጆቹ ጋር አሳደጋት። አባይነህ ይሄዳል ሊያያት፤ አይሄድም አልልም። ግን ከወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሻይ ሲቀርብለት ትኩሱን ይጨልጠዋል፣ «በሉ፣ በሩን…» ብሎ ይነሳል። ነፃነት አድጋ፣ ተምራ፣ ሥራ ይዛ እንኳ አባቷን ተደላድሎ ተቀምጦ አይታው አታውቅም። አንዴ በሳቅ አስመስላ «አባዬ፣ ጋኑን በቀን ሁለቴ ታየዋለህ፤ እኔን ግን አንዴም በደንብ አላየኸኝም» አለችው። ሳቀ።

ባለፈው ግንቦት ታዲያ ሽማግሌ ሊመጣላት ሆነ። እሁድ ከሰዓት፣ ታዴዎስ ቤት። ነፃነት ስልክ ደውላ ቁርጡን ነገረችው፤ «አንተ ካልተቀመጥክ ሽማግሎቹ ደጅ ላይ ይቀራሉ እንጂ አይገቡም። ምለህ ንገረኝ።» ማለ። የልጁንም ስም፣ ሥራውን፣ የማን ልጅ እንደሆነ ነገረችው፤ እሱ ግን በአንድ ጆሮው እየሰማ በልቡ የሚያስበው ሌላ ነበር፦ ቁልፉን ምን ያድርገው?

ተቀያሪው ጥበቃ ከደጅ ነው የሚጠብቀው፣ ቁልፉን አስነክቶት አያውቅም፤ እሱም ቢሆን ታሞ አልጋ ይዟል። ይዞት ይሂድ? መገናኛ ላይ ኪስ አውላቂ አለ። ነፃነት ይህን ስትሰማ «አባዬ፣ ሌባው ቁልፉን ቢወስደው እንጦጦ ላይ የትኛውን በር እንደሚከፍት በምን ያውቃል?» አለችው። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» አላት። ደጋግሞ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ብቻ ታየው፣ እትዬ ፈትለወርቅ።

የእትዬ ፈትለወርቅ ቤት ከጋኑ ግንብ በታች ነው፣ እንዲያው ከስሩ በሉት። ጋኑ ከመሠራቱ በፊት እዚያው ነበሩ። ቤቱን ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ጭቃውን ረግጠው፣ ግድግዳውን በእጃቸው መርገው ነው የሠሩት። ባልየው አለፉ፣ ልጆች ተበተኑ፣ እሳቸው ቀሩ፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲናገሩም እንደ አካሄዳቸው ቀጥ ያሉ አሮጊት ናቸው። ልጆቻቸው «እኛ ጋ ይምጡ» ሲሏቸው «ይህን ቤት ጥዬ ሞቴን እንግዳ ቤት?» ይላሉ። ያላቸው ያ ቤት ነው። ሌላ የላቸውም።

እሁድ ጠዋት አባይነህ ሱፉን ለብሶ፣ ታዴዎስ ያዋሰውን ጫማ አድርጎ ደጃፋቸው ቆመ።

«እትዬ፣ አደራ አለኝ።»

«ምነው፣ ለጦርነት ነው እንዴ የምትሄደው? ፊትህ ተለዋውጧል።»

ቁልፉን አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። «ይህን ለማንም እንዳይሰጡ። ለማንም! መሥሪያ ቤት ነን የሚል ቢመጣ፣ መታወቂያ ቢያሳይ፣ መኪና ይዞ ቢመጣ…»

«አልሰጥም።»

«እኔ ብደውልም እንዳይሰጡ። ድምፄን አስመስሎ የሚደውል አይጠፋም።»

ይህኛው ልባቸው ገባ። ባለፈው ሰሞን አንዱ በወንድማቸው ልጅ ድምፅ ደውሎ «ታስሬያለሁ» ብሎ ሊያታልላቸው ነበርና። «እውነትህን ነው፣ የዘንድሮ ስልክ» አሉ። «ታዲያ ለማን ልስጥ?»

«ለእኔ ብቻ። እኔ ራሴ በእግሬ መጥቼ ዓይኔን ሲያዩት። በሚካኤል ይበሉኝ።»

እትዬ ፈትለወርቅ መማል አይወዱም፤ ቅር አላቸው። ግን ልጁ ልትዳር ነው፣ ጭንቀቱ ፊቱ ላይ አለ፣ አዘኑለት። «እሺ፣ ሚካኤልን! አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። በል ሂድ፣ ልጅቷን አታስጠብቃት» አሉና ቁልፉን በመሀረብ ጫፍ ቋጥረው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። አባይነህ ሄደ። ከዚያ ተመለሰና በሩን ጎትቶ አየ። እንደገና ሄደ።

ታዴዎስ ቤት ሲደርስ ሁሉም ነገር ተሰናድቷል። ሶፋው ተገልብጦ ተጠርጓል፣ መጋረጃው አዲስ ነው፣ ነፃነት ጓዳ ሆና በበሩ ቀዳዳ ታያለች። ሽማግሎቹ ገቡ፤ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ትልቁ ሽማግሌ ዱላ ይዘው። «ቁጭ በሉ እንጂ» አለ ታዴዎስ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ወጉ ነው። እነሱ ይቆማሉ፣ ባለቤቱ ይለምናል፣ ቃል ይወጣል፣ ከዚያ የልጅቷ አባት ኮስተር ብሎ «እንግዲህ እንመካከርበት፣ ከሳምንታት በኋላ ተመለሱ» ይላል። ማንም አባት ልጁን በአንድ ቃል አይሰጥም፤ ነውር ነው፤ የተጣለች ይመስላል። ታዴዎስ ይህን ሁሉ ሲያስጠናው ነው የሰነበተው።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ዛፍ ለዛፍ ይደጋገፋል፣ ሰው ለሰው…» ብለው ሲጀምሩ የአባይነህ ስልክ ጮኸ። ጥሪውን ዘጋው። እንደገና ጮኸ። ታዴዎስ በዓይኑ ገላመጠው። ሦስተኛ ሲጮህ አነሳው።

«ጋሼ አባይነህ? ለሊሴ ነኝ፣ ከጥገና።» ለሊሴን ያውቃታል፤ የአካባቢው የጥገና ቡድን ኃላፊ ናት፣ በጋኑ በር ደጋግማ የገባች ልጅ ናት፤ ድምጿ ግን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። «ከጋኑ የሚወጣው ትልቁ ቧንቧ ፈንድቷል፣ ግቢው ውስጥ። ውሃው በግንቡ ስር ሰርስሮ እታች ያሉት አሮጊት ጓሮ እየወጣ ነው። ፓምፑን አስጠፍተናል፤ ግን ጋኑ ሙሉ ነው፣ ያለው ሁሉ ወደ እሳቸው ቤት ነው የሚሄደው። ቫልቩን ካልዘጋነው ቤቱ ይሄዳል። ከመሥሪያ ቤት ይዤው የመጣሁት ቁልፍ ደግሞ እምቢ አለኝ!»

«መቁረጫ ማሽንስ?» አለ።

«ሌላ ቡድን ይዞት ሄዷል፤ እየመጣ ነው፣ መንገድ ተዘግቶበታል። ቁልፉ የት ነው ያለው?»

«እትዬ ፈትለወርቅ ጋ።»

«እማማ ጋ? አጠገቤ ናቸው እኮ! ስልኩን ልስጣቸው።»

«እፎይ ልል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር» አለ በኋላ ሲያወራው። በስልኩ ውስጥ ውሃው ሲንሿሿ ይሰማል።

«እትዬ! አባይነህ ነኝ። ስጧቸው! ቶሎ ስጧቸው!»

«ማን ነህ?»

«አባይነህ ነኝ እንጂ!»

«አባይነህማ ብደውልም እንዳይሰጡ ብሎኝ ሄዷል።»

«እኔው ነኝ ያልኩት! ያኔ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም ስጡ የምለው እኔ ነኝ!»

«አንተ አባይነህ ከሆንክ፣ እንዳይሰጡ ያልከኝን ታውቃለህ። ካልሆንክ ደግሞ ሌባ ነህ። በሁለቱም አልሰጥም።»

«እትዬ፣ ቤትዎ! ቤትዎ እየሄደ ነው እኮ!»

«ይታየኛል» አሉ። «ጓዳዬ ገብቷል። እኔ ምን ላድርግ፤ በሚካኤል አስምለኸኛል። ናና ውሰድ።»

ለሊሴ ስልኩን ተቀበለች። «ጋሼ፣ የአሮጊት ደረት ውስጥ እጄን ልክተት? ሙክታርን ብጠይቀው፣ በጥፊ ይበሉኝ እንጂ እናቴን የመሰሉ ሴት አልነካም አለኝ» አለች። ሙክታር አብሯት የመጣው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። «እኛ ቦይ እየቆፈርን ነው፣ ጎረቤቱ ዕቃ እያወጣ ነው። ይድረሱ፣ በፈጠረዎት!»

አባይነህ ብድግ አለ። ሽማግሎቹ እንደቆሙ ናቸው። ታዴዎስ እጁን ያዘው። «የት ነው? አባይነህ፣ አታዋርደን! ቃል ሳትሰጥ?»

ቃል! አባይነህ ወደ ሽማግሎቹ ዞሮ፣ ያ ሁሉ የተጠናው ነገር ጠፍቶበት፣ «ሰጥቻለሁ! ልጅቷን ሰጥቻችኋለሁ፣ ቁጭ በሉ!» ብሎ ወጣ። ትልቁ ሽማግሌ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። በሕይወታቸው ሙሉ ስንት ደጅ ጠንተዋል፤ እንዲህ ያለ አባት ግን ገጥሟቸው አያውቅም። ጓዳ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ሲሰበር ተሰማ።

ሚኒባሱ ውስጥ አባይነህ አልተቀመጠም። ጎንበስ ብሎ ከሹፌሩ ጀርባ ቆሞ «ንዳው፣ አባቴ፣ ንዳው» ይላል። ረዳቱ «ፋዘር፣ ቁጭ በሉ፣ ቆመው ቶሎ አይደርስም» ይለዋል። ሲኤምሲን አልፈው መኪናው ተደረደረ፣ ቆመ። አንድ ቦታ ቆሞ መጠበቅ ለሌላው ሰው መሰልቸት ነው፤ ለእሱ ግን እሳት ላይ መቆም ነበር። ዓይኑን ሲጨፍን የእትዬ ግድግዳ ነው የሚታየው፤ ያ በእጅ የተመረገ ግድግዳ፣ ውሃ ከስሩ ሲልሰው። ሲገልጥ የፊተኛው መኪና ቂጥ። «እኔ ነኝ» አለ በድምፅ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። «ትርፉን ቁልፍ ማን ቀጥቅጥ አለኝ? ማን?» አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

መገናኛ ሳይደርስ ወረደና በእግሩ ሮጠ። ሱፉ በላብ ራሰ፤ የታዴዎስ ጫማ ተረከዙን ላጠው። ያን ሁሉ የሚፈራውን የመገናኛ ግፊያ በክርኑ ሰንጥቆ ሲያልፍ ኪሱን አንዴም አልዳበሰም፤ ኪሱ ውስጥ ምን አለና! ባጃጅ አገኘ። ባጃጁ ሲግናልን አልፎ ዳገቱን ተያያዘውና ኮረኮንቹ ላይ ሲደርስ እያቃሰተ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያለው እግር ነው። በግማሹ ዳገት ላይ ውሃው ተቀበለው። ደመና የለም፣ ዝናብ የለም፣ ፀሐዩ ቦግ ብሏል፤ ጭቃማ ውሃ ግን በመንገዱ መሀል እየተንደረደረ ይወርዳል። የሽሮ ድስት ክዳን፣ አንድ የፕላስቲክ ጫማ፣ የዓመት በዓል ቄጠማ የመሰለ ሣር ይዞ ይወርዳል። የድስቱ ክዳን የማን እንደሆነ አወቀ። ጮኸ፤ ምን ብሎ እንደጮኸ ግን አያውቀውም።

ሲደርስ እትዬ ፈትለወርቅ ከበራፋቸው ፊት ለፊት ያለ ድንጋይ ላይ ቆመዋል፤ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው፣ አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ። በዙሪያቸው አልጋ፣ ሳጥን፣ ድስት፣ የባለቤታቸው ፎቶግራፍ ሜዳ ላይ ተዘርግቷል። ቤቱ ከፊት ሲያዩት ደህና ይመስላል። በበሩ ግን ወዲያ ማዶ ሰማይ ይታያል። የጓዳው ግድግዳ ወድቋል፣ ጣሪያው በአንድ ጎኑ ተንበርክኳል።

«ዓይንህን ልየው» አሉት። አዩት። መሀረቡን አውጥተው ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱና ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖሩት። ደረቅ ነበር። «ይኸው አደራህ። ተረከበኝ።»

ሮጠ። በብረት ሳጥኑ ስር እጁን ከቶ ከፈተ፣ ውስጠኛውንም ከፈተ፤ ለሊሴና ሙክታር ተከትለውት ገቡ፣ ሦስቱም ተረባርበው የቫልቩን መሽከርከሪያ አዞሩት። ድምፁ ቀስ በቀስ ቀነሰ። ቆመ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ፣ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ብቻ። አባይነህ በሩን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ወደ እትዬ ወረደና እግራቸው ስር ጭቃው ላይ ተቀመጠ፤ ማልቀስ ጀመረ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት ያስጨንቃል፤ ጎረቤቱ ፊቱን አዞረ።

«ምነው ሰጥተዋቸው ቢሆን! ምነው እትዬ!»

«እኔ ምን ላድርግ? ያልከኝን አደረግሁ።» በእርጋታ ነው የሚናገሩት። «ያስቀመጥኩትን መገነዣዬን እንኳ ወሰደው። ታጥቦ ታጥፎ ሳጥኑ ላይ ነበር። እንግዲህ ሌላ እስካሰናዳ መሞትም የለ።» ሳቅ አሉ፤ ማንም አብሯቸው አልሳቀም።

ለሊሴ እጇን በሱሪዋ እየጠረገች መጣች። «ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ። ቫልቩን ደግሜ ማየት አለብኝ፤ ማታ የሚመጡም ልጆች አሉ፣ ቧንቧውን የሚቀይሩ።»

«እኔ እከፍትልሻለሁ» አለ፤ ተነሳ።

«እርስዎ እዚህ እማማን ያግዙ እንጂ። ዕቃው ሜዳ ላይ ሊያድር ነው እንዴ?»

«ከፍቼልሽ እመለሳለሁ።» እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ጣቶቹ ቁልፉ ላይ ተቆልፈዋል። እሱ ራሱ እንዲህ መያዙን አላወቀም።

«አባይነህ!»

ያን ቀን ሙሉ፣ ጓዳቸው ሲወድቅ እንኳ፣ እትዬ ፈትለወርቅ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም ነበር። አሁን ግን ባህር ዛፉ ሳይቀር ሰማቸው።

«ልጅህን የት ጥለሃት መጣህ?»

«ሰ… ሰጠኋት እትዬ። ለሽማግሎቹ። ቃል ሰጥቼ መጣሁ።»

«ለማን? የልጁ ስም ማን ነው?»

አባይነህ አፉን ከፈተ። ነግራዋለች፤ በዚያ ሳምንት ብቻ ስንት ጊዜ ነግራዋለች። ፈለገ፣ ፈለገ፤ ባዶ ነው። «አላስታውሰውም» አለ።

«ስሙን ለማታውቀው ሰው ልጅህን ሰጥተህ መጣህ!» አሉ። «እኔ ለዚህች ብረት ቤቴን ሰጥቻለሁ። አንተ ስሟን የምታውቃትን ልጅ፣ ጋንህን ልትጠግን የቆመችውን፣ ዛሬም አላመንክም? ስጣት! እንግዲህ ከእኔ ቤት በላይ ምን ሊወሰድብህ ነው? ስጣት አልኩህ!»

ሰጣት። ለሊሴ ተቀብላ ምንም ሳትል ወደ ላይ ወጣች።

አባይነህ ጭቃ በጭቃ በሆነው እጁ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ነፃነት አነሳች።

«ነፃነት» አለ። «ይቅርታ ልጄ። የልጁን ስም ንገሪኝ እስቲ። ዛሬ እየሰማሁ ነው።»

ስልኩን ትዘጋብኛለች ብሎ ፈራ።

«ኤልቃና ነው፣ አባዬ» አለችው፤ ታልቅስ ትሳቅ አልለየለትም። «ኤልቃና ነው የሚባለው።»